ቁም ሳጥን ውስጥ የተለጠፈችው ልጅ

"ሚጡ! ክፈቺ!"

በሩን ደበደብኩ።

"አንቺ ልጅ፣ በሩን እንዳልሰብረው!"

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የቧንቧው ውሃ ይወርዳል። የሰው ድምፅ ግን የለም።

እኔ በአፌ የማልረታው ሰው የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል። የዚያን ቀን ግን አፌም አላዋጣኝ።

"ድረሺልኝ! እህትሽ አትናገርም!" ብዬ ጮህኩ።

ትልቋ የልጅ ልጄ ሳሎን ኮምፒውተሯ ላይ ነበረች። ስራዋ ለአፍላ ወጣቶች የሚታተም መጽሔት ገጾችን ማሰናዳት ነው፣ ዲዛይን ይሉታል። ፎቶው የት እንደሚያርፍ፣ ጽሑፉ በምን በኩል እንደሚወርድ፣ ቀለሙ ምን እንደሚሆን… እሷ ነች የምትወስነው። እናታቸው ለስራ ርቃ ስለሄደች ሁለቱም የሚኖሩት እኔ ጋ ነው።

"እማማ፣ ዘወር በይልኝ!" አለችና በሩን በትከሻዋ ገጨችው።

እምቢ አለ።

ደግማ ስትገጨው መቀርቀሪያው ተነቀለ።

ሚጡ ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ከንፈሯ ነጥቷል።

ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። በእነዚህ በደከሙ እጆቼ… ብድግ አለችልኝ። የአስራ አራት ዓመት ልጅ እንደዚህ ትቀላለች?

ያኔ ነው የፈራሁት። መውደቋን አይደለም… መቅለሏን።

ክሊኒክ አደረስናት። ሐኪሟ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

"ይቺ ልጅ ትበላለች?"

"እንዴት አትበላም! እኔ ቤት እኮ ነው ያለችው!"

"ስትበላ አይተዋታል ወይ ነው ያልኩት፣ እናቴ።"

ሚጡ ሁልጊዜ የምትለኝ ትዝ አለኝ። "ትምህርት ቤት በልቻለሁ"… "ጓደኛዬ ጋ በልቻለሁ"… "ሆዴን ትንሽ አሞኛል"…

"ልቧ ተዳክሟል። እዚህ መቆየት አለባት" አለች ሐኪሟ።

ልቧ! የዚያች ስትስቅ ቤት የምታናውጥ ልጅ ልብ!

ቅያሪ ልብስ ላመጣላት ወደ ቤት ሮጥኩ። ቁም ሳጥኗን ከፈትኩት… በሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ከመስታወቱ አጠገብ ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ ተለጥፏል።

ጀርባዋን የሰጠች ልጅ ናት። ፊቷ አይታይም። ቢጫ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ፀጉሯ ረጅም ነው፣ ወገቧ… በአንድ ጭብጥ የምትገባ!

ብዙ ባልማርም ማንበብ አያቅተኝም። ከላይ "ራስሽን ሁኚ!" ይላል።

ከስር ደግሞ በሚጡ እጅ፦ "እንዳንቺ እስክሆን…"

ገጹን ገንጥዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያቺን ባለ ቢጫ ሸሚዝ ባገኛት ፀጉሯን ይዤ "ምን አርጋሽ ነው ልጄን የበላሻት?" ልላት ነበር የቆረጥኩት።

ተመልሼ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ለትልቋ ወረወርኩላት።

"ይቺ ማናት? ስሟን ንገሪኝ!"

ገና ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ።

"እማማ… ይሄ እኔ የሰራሁት ገጽ ነው።"

"ስለ ልጅቷ ነው የጠየቅኩሽ!"

ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ።

የኛው ሳሎን መስኮት… እኔ ራሴ የጣፍኩት መጋረጃ… እፊቱ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ፀጉሯን የምታደርቅ፣ ሞላ ያለች፣ ጤነኛ ልጅ…

ሚጡ!

"ለገጹ የሚሆን ፎቶ ሳጣ ሳታየኝ አነሳኋት" አለች ትልቋ እየተንሰቀሰቀች። "መስኮቱን ቆርጬ አወጣሁት፣ ሸሚዟን ቢጫ አደረግኩት፣ ፀጉሯን አስረዘምኩት… ሲታተም ነግሬ ላስደንቃት ነበር፣ የሚቀጥለው እትም ሲያዋክበኝ ረሳሁት።"

"ወገቧስ?"

"ጽሑፉ በዛ፣ አልገባ አለኝ… ቦታ እንዲለቅልኝ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት።"

"ለፊደል ቦታ ብለሽ እህትሽን ጨመቅሻት?!"

ሰው የገዛ ጀርባውን የት አይቶት ያውቃል? ሚጡ ራሷ መሆኗን አላወቀችም። ራሷን ለመምሰል… ራሷን ስታስርብ ነበር!

ገብተን ነገርናት። ትልቋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ገጹንና የስልኩን ፎቶ ጎን ለጎን ያዘችላት።

"አንቺ ነሽ እኮ ሚጡዬ… አንቺው ነሽ!"

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። ወይ እህቷን በጥፊ ትላታለች።

አንዱን አየች… ሌላውን አየች…

"ታዲያ የወረቀቷ ለምንድነው የምታምረው?"

ወይ ፈጣሪዬ! በሩ ሲሰበር እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም።

ሚጡ አሁን ቤት ናት። ሐኪሟ ጋ እየተመላለሰች ነው፣ "ጊዜ ይፈልጋል" ተብለናል። ሾርባዋን ስትጠጣ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ።

"እማማ፣ እንደ ዘበኛ አትዪኝ!"

"ዘበኛ ነኝ፣ ጠጪ!"

እንዲህ በአፌ ብጀግንም ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነኝ። "ሚጡ?" እላለሁ… "አለሁ!" እስክትለኝ ትንፋሼ አይመለስም።

ትልቋ ዛሬ ጽሑፍ ሲበዛባት ጽሑፉን ትቆርጣለች። አለቃዋ ሲቆጣ "አያቴን ላምጣልህ?" ትለዋለች። አንዴ ሄጄበታለሁ… አይደግመውም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። መጽሔቱ ተሸጦ አልቋል። ያቺ በምድር ላይ የሌለች ወገብ በስንቱ ቤት፣ በስንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተለጥፋለች? ለኛዋ በር ሰብረን ደረስንላት… የሌሎቹን በር ማን ይሰብራል?

ለልጆች ገጽ የምታሰናዱ፣ ቦታ ሲጠብባችሁ ቃል ቀንሱ እንጂ ሰው አትቀንሱ! ልጅ የምታሳድጉ ደግሞ "በልተሻል?" ብላችሁ አትለፉ፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስትጎርስ እዩ። ልጆቻችን የሚራቡላት ልጅ በምድር ላይ የለችም… ያለችው ቤታችሁ ያለችው ናት።

እስቲ ንገሩኝ… የእናንተ ልጅ ማንን መምሰል እንደምትፈልግ ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? ዛሬ ጠይቋትና ያለቻችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አነባለሁ።