ጥርት ያለ ምስል

ሰፈራቸው ሬኒየር ቫሊ ያለው ሱቅ ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን የመስኮቱ መስታወት ውስጥ ካቆመ ወዲህ መልከጸዴቅ እረፍት አጥቷል።

«ያለን ምን ጎደለው? ደህና አይደል እንዴ?» ትለዋለች ሚስቱ ሠርካለም።

«ሰው አይለይማ!» አለና፣ ሊያሳያት እሁድ ከሰዓት የሠርጋቸውን የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው ውስጥ ከተተ። እውነትም ቪዲዮው ላይ ከኋላ አግዳሚ ላይ የተደረደሩት ሽማግሌዎች ፊታቸው ብዥ ብሏል።

አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ኪችን ደርሶ ተመለሰ። ሳሎን ሲገባ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኑር!» አሉ፣ ሰው ሲገባ እንደ ወጉ። ለሠርገኛ መስሎት አለፈው። ወጥቶ ሲመለስ ግን ደገሙት። በሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። እነሱም ጠበቁ። እግሩን ሲያስገባ ተነሱ።

«ኦኬ፣ ይቅር፤ አንገዛም» አለና ሶፋው ላይ ሠርካለም ጎን ተለጥፎ ተቀመጠ።

«ምን ነካህ?»

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተነሱ፤ ከሁለቱ ራስ በላይ፣ ከኋላቸው ወደ ተዘጋው የውጭ በር እያዩ። አሁን ግን «ኑር» አላሉም።

«ይኑሩ!» አሉ።

«በእግዜር! አትነሱ» አለ የሽማግሌ ድምፅ፣ ከሶፋው ጀርባ።