ከቆጥ የሚወርደው ሰውዬ

በ1978 ዓ.ም. አሰላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይሰጥ ነበር። ካሜራ የለም፤ ፊልም የለም። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው የሥዕል አስተማሪ፣ መምህር አሰግድ፣ ተማሪዎቹን ሠላሳ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድን ሰው ሠላሳ ጊዜ ያሥላቸዋል። ከዚያ ዳሩን በክር ሰፍተው በአውራ ጣት ሲገለብጡት ሰውዬው ይራመዳል። ትምህርቱ ይኸው ነው። ቀይ እስክርቢቶ ስለጠፋ አሰግድ የሚያርመው በአረንጓዴ እርሳስ ነበር።

እታገኘሁ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሥዕል ትወዳለች፤ እንቅልፍ ግን ጠግባ አታውቅም። ወንድሟ ግዛቸው ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይወሰድ ቆጥ ላይ ከተደበቀ አራት ወሩ ነው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይነቃል።

የወረቀት ችግር የለባትም። እናቷ ወይዘሮ ውድነሽ የቀበሌ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ታይፒስቷ ያበላሸችውን ወረቀት ለእሳት ማያያዣ ያመጣሉ። ጀርባው ንጹሕ ነው። ፊቱን ማንም አያየውም፤ በዚያ ዘመን የቀበሌ ጽሑፍ ወዶ የሚያነብ ሰው አልተፈጠረም።

"ቆራርጠሽ አታምጪ" አላት አሰግድ ገና በመጀመሪያው ሳምንት። "ቁራጩ እኩል ካልሆነ ሰውዬው ይዘላል። ሙሉውን ስጪኝ፣ እኔ ቤቴ በምላጭ እቆርጥልሻለሁ።"

ቤታችሁ ያያችሁትን ሣሉ ስላላቸው፣ እሷም ሳታስበው ጎበጥ ያለ ሰው ከመሰላል ሲወርድ ሣለች። ልቧ ድንግጥ ያለው ካስረከበች በኋላ ነው። አሰግድ ገለበጠው። ደግሞ ገለበጠው።

"ማነው ይሄ?"

"ማንም አይደለም፣ ጋሼ።"

"ወገቡን የምር ያመዋል" አለና መለሰላት።

ስትወጣ ለክፍል ጓደኛዋ ለከዲሮ ነገረችው።

"እኔንም ወንድምህ ሁሴኖ የት ነው የሚያድረው ብሎኛል" አለ ከዲሮ። "ምን አገባው? ወላሂ ጆሮ ጠቢ ነው።"

ከዚያ ወዲህ እታገኘሁ ክፍል ውስጥ ቀና ብላ አታየውም። እንዳትቀር ደግሞ መቅረቷ ራሱ ያስጠይቃል ብላ ፈራች። ወረቀቱን ታመጣለች፣ ቁራጩን ትቀበላለች፣ ትሥላለች። ደክሟታል።

አንድ ረቡዕ አሰግድ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ሠላሳ ባዶ ቁራጭ ሰጣትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያ ሰውዬሽ ከወረደ በኋላ ምን ያደርጋል?"

"ተመልሶ ይወጣል።"

"በዚህኛው በሩን ከፍቶ ይሂድ። እስከ ዓርብ ጨርሺው። ዓርብ ካለፈ አልቀበልሽም።"

ዛቻ መሆኑ ገባት፤ ማታውኑ ለእናቷ ነገረች። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ግዛቸው ገብስ በጫነ ጋሪ ወደ ዲክሲስ፣ አጎቱ ዘንድ ሄደ። ወይዘሮ ውድነሽ አላለቀሱም፤ እንባቸው ካለቀ ቆይቷል።

ቅዳሜ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ቤቱን በረበሩ፣ ቆጡንም ወጥተው አዩ። ጭድ ብቻ ነው። አለቃቸው መደብ ላይ ተቀምጦ ላቡን ጠረገ።

"አሥራ አራት ቤት ዞርን" አለ። "አንድም ልጅ የለም። ማነው የነገራችሁ?"

የአራት ወር ድካም የእታገኘሁን አፍ ከፈተው።

"እኛን ምን ትጠይቁናላችሁ? የራሳችሁን ሰው፣ መምህር አሰግድን ጠይቁት። ማን የት እንደሚያድር ሲጠይቅ የከረመው እሱ፤ ሰውዬሽ እስከ ዓርብ ይሂድ ያለኝ እሱ።"

ጠባቂዎቹ ተያዩ። ተነሥተው ወጡ። እታገኘሁ ልካቸውን ነገርኳቸው ብላ፣ በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ሰኞ አሰግድ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ዲሬክተሩ ተዛውሯል አሉ፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገሩም።

"ሾመውት ይሆናላ" አለ ከዲሮ። ማንም አልሳቀም።

የዚያን ዕለት ማምሻውን እናቷ ምድጃ ሥር ተንበርክከው ወረቀት ሲጠይቁ፣ እታገኘሁ ሳትሥልባቸው የቀሩትን ሠላሳ ቁራጮች ከቦርሳዋ አወጣች። አንዱ ከእጇ ሾልኮ ወደቀ፤ በታይፕ የተጻፈበት ፊቱ ወደ ላይ ነበር።

"ቅዳሜ የሚያዙ (የቀጠለ)፦ 4ኛ ግዛቸው ሀብተ ማርያም፣ 5ኛ ሁሴኖ ጉቱ" ይላል፤ በሁለቱም ስም ጎን ትንሽ አረንጓዴ ራይት ተደርጎበታል።