ሃምሳ ባዶ ዲቪዲ

ነገሩ የጀመረው አግማስ ፀጉሩን በግማሽ ተቆርጦ ሳለ ነው። ደሴ ፒያሳ፣ ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የራሱ ዘፈን ሲመጣ መጀመሪያ ደስ አለው። ሚሊኒየሙ በገባ በዓመቱ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራው በዲቪዲ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ።

«ከየት ገዛኸው?» አለው ፀጉር ቆራጩን።

«ኧረ ምን መግዛት! በነፃ ነው። ቦሩ ሜዳ ለቅሶ ሄጄ፣ ሰው ለሰው ሲቀባበለው ደረሰኝ። ጥራቱ ደግሞ! ከሱቁ ይበልጣል።»

አግማስ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተነሥቶ ዲስኩን ከማጫወቻው አወጣው። በእጅ ነው የተጻፈበት፤ ፊደሉ ግን የማተሚያ ቤት ይመስላል። ርእሱ በጥቁር፣ ስሙ በቀይ፦ አግማስ እንየው።

ደሙ ፈላ። እሱ ያሳተመው ሽፋን ላይ ያለው «አግማስ» ብቻ ነው። የአባቱን ስም ያስቀረው ወዶ አይደለም። ዳዊትና ገድል እየጻፉ የሚያድሩት መሪጌታ እንየው፣ ልጃቸው ዘፋኝ መሆኑን የሰሙ ዕለት «እኔ ዘፋኝ ልጅ የለኝም! ስሜንም እንዳትጠራ!» ብለው ከቤት ካስወጡት ሦስት ዓመት አለፈው። ይህን ቁስሉን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሀፊዝ። ኪቦርድ ይጫወትለት የነበረ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል ተጣልቶት ኮምቦልቻ የገባ ሀፊዝ።

«የአባቴን ስም የጨመረው አንጀቴን ሊያሳርረው ነው! በቀይ መጻፉስ? እንደ ወደቀ ተማሪ ውጤት!»

«ኧረ ተረጋጋ፣ ሌባ መቼ ጠፍቶ ያውቃል» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ሌባማ ለሆዱ ነው፣ ይሸጠዋል! በነፃ የሚያድል ግን እኔን ሊቀብር የተነሣ ጠላት ነው!»

ዲስኩን ጉልበቱ ላይ ሰብሮ ጣለው፤ ሁለተኛም አላየው። ንዴቱስ አይፈረድበትም። አሳታሚው ቁርጡን ነግሮታል፤ ይህ ሥራ ደሴ ላይ ካልተሸጠ ሁለተኛ ሥራ የሚባል ነገር የለም። በነፃ የሚታደለውን ደግሞ ማን አብዶ ይገዛል!

ዘፈኑ የተቀዳበት ዓይነት ጥሩ ባዶ ዲቪዲ ደግሞ ደሴ ውስጥ አይገኝም። የደሴው አንዴ ከተጫወተ በሁለተኛው ይንተባተባል። ጥሩውን የሚያስመጣው ኮምቦልቻ ያለ ኑርሁሴን የሚባል ነጋዴ ነው። አግማስ ኮፍያውን ግማሽ ፀጉሩ ላይ ደፍቶ ቁልቁል ወረደ።

ኑርሁሴን ለሼኩም ለዳኛውም «አንተ» እንጂ «እርስዎ» የማይል፣ ባለጌ ያልሆነ ግን ደረቅ ሰው ነው።

«ፀጉርህን ምን በላው?» አለው ገና ሳይቀመጥ።

«እሱን ይተዉት። ጥሩ ባዶ ዲቪዲ በጥሩ ዋጋ ፈልጌ ነበር።»

«አብሽር፣ ቤቱን አላጣኸውም። ዛሬ ግን አልቋል። የመጨረሻውን ሃምሳ አንድ ደንበኛዬ አዞ፣ አሁን ወደ ደሴ ልጭንለት ነው።»

«ማን ነው ደንበኛዎ?»

«ወላሂ፣ የደንበኛ ስም ከአፌ አይወጣም። ግን እንዲያ ያለ ገዢ በዕድሜዬ አላየሁም። መጀመሪያ የመጣ ቀን ርካሹን ባሳየው፣ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው፣ ጠርዙን በጥፍሩ ፋቀው፣ አሸተተው። ‹ይሄ ለልጅ ልጅ አይደርስም› ብሎ መለሰልኝ። ጥሩውን ሲያገኝ ደግሞ ክርክሩ! ግማሽ ቀን ተቀምጦ በርካሹ ዋጋ ወሰደው እኮ!»

ዕቃ ያውቃል፤ የለየለት ቀማኛ፣ አለ አግማስ በልቡ። ሀፊዝ ኪቦርድ ሲገዛም እንዲሁ ባለሱቅ አስለቅሶ ነበር።

ጥቅሉ ሚኒባስ ላይ ሲጫን አግማስም ከኋላው ተሳፈረ። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ሲወጡ ሀፊዝን በሐሳቡ ሦስት ጊዜ ደበደበው። አንደኛው አልበቃ ብሎት ነው።

ደሴ መናኸሪያ ወርዶ ከአንድ አይሱዙ ጀርባ ተደበቀ። ረዳቱ ጥቅሉን ለአንዲት ሴት አቀበላት። ሴትዮዋ እየሩስ ናት፤ ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት የምትሠራው የገዛ እህቱ!

«እህቴን! እህቴንም አሳሳተብኝ!» አለ በልቡ። ሀፊዝ «እህትህ ደኅና ናት?» እያለ ይጠይቀው እንደነበር አሁን ትዝ አለው። ሰላምታ መስሎት! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

ተከተላት። እየሩስ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ዳገቱን ወጥታ፣ በቀጭኑ መንገድ ታጥፋ፣ አንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ገባች። አግማስ ቆመ። ሦስት ዓመት ያልረገጠው ግቢ ነው። ያ ከሀዲ ሌላ ቦታ አጥቶ የአባቴ ቤት ተቀምጦ ይሠራል ማለት ነው! አባቴ ምን ያውቃል፤ ዲስክ ይሁን ሰሃን ምን ይለያል!

ድንጋይ አነሣ። ግቢውን አቋርጦ፣ በሩን በእርግጫ ሊለው እግሩን ሲያነሣ፣ ገርበብ ባለው በኩል ወደ ውስጥ አየ።

ሀፊዝ የለም። እየሩስ ጥቅሉን እየፈታች ነው። መሪጌታ እንየው መስኮቱ ሥር አጎንብሰው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያላለቀ ዳዊት ተዘርግቷል፤ የአምላክ ስም ባለበት ሁሉ ቀለሙ ቀይ ነው። ጉልበታቸው ላይ ያለው ግን ብራና አይደለም።

«እየሩስ፣» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ቀዩን አቀብይኝ እስቲ፤ የልጄ ስም ላይ ደርሻለሁ።»