ባለዚፑ መጽሐፍ ቅዱስ

በሩ ሲንኳኳ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ልጅቷ ለአባቷ "አላገባውም" ልትል ትንሽ የቀራት ገጽ ላይ ነበርኩ። ምናለ አምስት ደቂቃ ቢታገሡኝ።

"ማም፣ ሰምዋን ኢዝ ሂር" አለች ኬብሮን ከውጭ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ።

"ማን ነው?"

"ቸርች ሌዲ።"

መጽሐፉን ዘጋሁና ዚፑን ሳብኩት። ዚፑ የመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ዚፕ ነው፤ ጥቁር ቆዳ፣ ላዩ ላይ መስቀል የታተመበት። መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሽፋኑ ውስጥ ያለው ልብ ወለድ ነው፤ በዚህ ወር አራተኛዬ። አንዲት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ ታስመጣና ታውሰኛለች። ቤተ ክርስቲያናችን ዓለማዊ መጽሐፍ ይለዋል፤ ባሌ ተስፋም ቢያየው ፊቱን ያጠቁርብኛል። እውነቴን ነው፣ ክፉ ነገር የለበትም። ሰዎቹ ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ባቡር ያመልጣቸዋል። እኔ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል የማንም እናት አልሆንም።

ሰዓቱ ከሰባት እስከ ስምንት ነው። ትንሹ ልጄ ይዲድያ ይተኛል፣ ኬብሮን የማካፈል ሒሳቧን ትሠራለች። ከዚያ ውጭ ያለው ቀን የእኔ አይደለም። ጠዋት ንባብ፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ሳይንስ፣ ሁሉም እዚያችው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፤ ውጭው በረዶ፣ ልጆቹ እላዬ ላይ። ማን አስገደደሽ ብትሉኝ ራሴ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እሁድ ምስክርነት ላይ ማይክ ይዤ "ጌታ ልጆችሽን ቤትሽ አስተምሪ ብሎኛል" አልኩ። ጉባኤው አጨበጨበ። አሁን ደክሞኛል፣ ትምህርት ቤት ይግቡልኝ ብል፣ ጌታ ሐሳቡን ቀየረ ልበላቸው?

ሳሎን የቆሙት እትዬ ለተኪሮስ ናቸው፣ የእህቶች ኅብረት መሪያችን። በዚያ በረዶ፣ በሁለት አውቶቡስ፣ ከሰፈራቸው ከስኔሊንግ አቨኒው እኛ ሰፈር ብሩክሊን ሴንተር ድረስ መጥተዋል። ድሮ አስመራ አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ እዚህ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ይቀይራሉ።

"ብደውል ብደውል ማሽኑ ነው የሚያነሳው" አሉ ጫማቸውን እያራገፉ። "ሂሩትዬ፣ አቋረጥኩሽ መሰለኝ።"

"ትንሽ እያነበብኩ ነበር።"

"እሱንማ ሰምተናል።" ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። "ኬብሮን ሰንበት ትምህርት ላይ ተናግራ የለ እንዴ። እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ እያነበበች ታለቅሳለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች ብላ። እህቶች ሲሰሙ እንባቸው መጣ።"

ወደ ኬብሮን ዞርኩ። እሷ ወደ ደብተሯ ዞረች።

"እና ተነጋገርንና የቀኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አንቺ ጋ እንዲሆን ወሰንን። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሕፃኑ ሲተኛ። ለጊዜው ማክሰኞና ሐሙስ፤ ጌታ በሩን ከከፈተ በየቀኑ። አንቺ ትመሪናለሽ።"

ክው አልኩ። ከሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለራሴ የያዝኩት አንድ ነው፤ እሱኑ ሊወስዱብኝ ነው የመጡት።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ማስተማር አልችልም።"

"ትሕትናሽ ነው።"

"ቤቱም ጠባብ ነው።"

"መሬት እንቀመጣለን።"

"ልጆቹ ይረብሿችኋል።"

"ያንቺ ልጆች? እንኳን ሊረብሹ።" ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። "በይ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ያቆምሽበትን አንብቢልኝና ልሂድ።"

ጥቁሩ ሽፋን እጄ ላይ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ በቃሌ ልወጣላቸው እችል ነበር፤ ይህን ያህልማ አልጠፋሁም። ከዚያስ? ማክሰኞ ሳሎን ሙሉ ሴት፣ ሐሙስ ሳሎን ሙሉ ሴት፣ መሃላቸው እኔ እስካረጅ ቅድስት ሆኜ። ባንድ ማይክ ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ፣ ይበቃኛል አልኩ በሆዴ።

ዚፑን ከፈትኩና ያቆምኩበትን ገጽ ገልጬ ሰጠኋቸው።

እትዬ ለተኪሮስ መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ ገጹን አዩት። ከዚያ ሽፋኑን ገልብጠው መስቀሉን አዩ፣ ከዚያ እኔን። አለቀልኝ። እሁድ ድረስ እንኳ አይቆይም፤ ዛሬውኑ በስልክ ይዳረሳል፣ ተስፋም ከሽማግሌዎቹ አፍ ይሰማዋል። እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ ቆምኩ።

ዓይናቸው ወደ ገጹ ተመለሰ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ እስከ ታች ወረዱ። ሊቆጡኝ ከሆነ ይህን ያህል ማንበብ ምን ያደርጋል?

"ይቺ ልጅ" አሉ ቀና ሳይሉ፣ "አባቷን እንቢ ትላቸዋለች?"

"እኔም እዚያው ጋ ነኝ" አልኩ።

ገጹን ገለጡት።

መጽሐፌን ልቀበላቸው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መልሼ ሰበሰብኩት። ሰባት ተኩል ሆኗል። አውቶቡሳቸው ሄዷል፣ እሳቸው ግን ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ሦስተኛውን ገጽ ጀምረዋል። ልብ ወለድ ካነበቡ ስንት ዓመት ሆኗቸው ይሆን?

ኬብሮን ማካፈሏን ጨርሳ ደብተሯን ይዛ ወደ ሶፋው መጣች። ልትናገር ስትል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁና፣ በእግር ጣቶቼ እየተራመድኩ ወደ ወጥ ቤት መለስኳት።