ከላይ ሦስተኛው ቅጠል

«ኑክሊዮታይድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብሎ ተመራማሪው ዶክተር ትርፌን ሰው ፊት ጠየቃት። በአንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ነበረች፤ ፊደል መቁጠር የጀመረችውም ገና ዘንድሮ ነው።

«ቅጠል ሲያረጅ በውስጡ የሚቀንስ ነገር ነው» አለና ሳቀባት። «አንቺ በየሳምንቱ ከባቄላው ከላይ ሦስተኛውን ቅጠል ቁረጪልኝ። እስከ ሦስት መቁጠር መቼም አያቅትሽም!»

እንዳዘዛት ቆረጠች። ከሁለት ወር በኋላ የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ይቀንሳል የተባለው የኑክሊዮታይድ መጠን ንቅንቅ አላለም። ዶክተሩ እየጎተተ የጣቢያው ኃላፊ ፊት አቆማት።

«ይቺ መሃይም የማይሆን ቅጠል እየቆረጠች ጥናቴን ገደለችው። ትባረርልኝ!»

ትርፌ ብቻዋን የምታሳድጋት ልጇ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

«ዶክተር፣ ባቄላ እኮ በየሳምንቱ ከጫፉ አዲስ ቅጠል ያወጣል» አለች። «ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ የነበረው ዛሬ ሦስተኛ ይሆናል። ስለዚህ ስቆርጥልዎ የከረምኩት ሁሉ ዕድሜው እኩል የሆነ ለጋ ቅጠል ነው። ያረጀውማ ከታች አለ፤ ማን ነክቶት!»

ኃላፊው ሳቁን በእጁ ሸፈነ። የሦስት ዲግሪ ባለቤቱ ዶክተር ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

በወሩ ዶክተሩ ጥናቱ ከሽፎበት ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ትርፌ እዚያው ሥራዋ ላይ ቀረች።