የሚነቀለው

ብቻዬን ስለምኖር ልጄ ፊቴን እያየች እንድታወራኝ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ገዛችልኝ። ዋይፋይ ሊገጥም የመጣው ቴክኒሻን ኢንተርኔት የሚቀበሉ ሁለት ዕቃዎች አሳየኝ። አንዱ ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚታሰር ካርድ ነው፤ ሌላው ከውጭ የሚሰካ፣ ጥፍር የሚያክል።

«አባባ፣ የውስጡ ይሻልዎታል» አለኝ።

«የሚነቀለውን ስጠኝ። ማስወጣት የማልችለውን ነገር ቤቴ አላስገባም።»

ሳቀና ሰክቶልኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ደወለች። ወሬዋ ሲረዝምብኝ ያችን ዕቃ ነቀልኳት። የልጄ ፊት ግን ከስክሪኑ አልጠፋም።

«ምነው ነቀልከው?» አለችኝ።

የኮምፒውተሩንም የመብራት ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ። አሁንም ታየኛለች።

በሩ ተንኳኳ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ። ለምን ቆለፍከው?» የልጄ ድምፅ ነው።

እኔ አልቆለፍኩም። ተነስቼ እጀታውን ብይዘው አልዞር አለኝ።

«ተቀመጥ እንጂ አባዬ» አለች ከኋላዬ ስክሪኑ ላይ ያለችው። «ወሬዬን መቼ ጨረስኩ?»