በክርኔ ልክ

አናጢው አስማማው ሜትሩን ከወጥ ቤቱ ጥግ እስከ ጥግ ይስባል። ምራቴ ሂዊ ጫፉን ይዛለታለች። እኔ በሩ ላይ በርጩማዬን አድርጌ ተቀምጫለሁ። ደፉን አላለፍኩም። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ረግጬው አላውቅም።

ያን ለት ልጄ ምናለ የመሥሪያ ቤት ወዳጆቹን ጠርቶ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ሽንኩርት ሳቁላላ ውዬ ዶሮውን እኔ ሠራሁ። ሂዊ ድስቱን ከፈተችና አሸተተችው። እንግዶቹ እየሰሙ፣ “እማዬ፣ ጭስ ጭስ ይላል። ከእንግዲህ ወጥ ቤት ባይገቡብኝ ይሻላል” አለች። ከዚያ ወስዳ ለውሻው ገለበጠችው፣ አሥራ ሁለቱንም ብልት። ውሻው እንኳ አፍሮ ትንሽ ቆይቶ ነው የበላው። ልጄ ስልኩን ያይ ነበር።

ዛሬ ግን “እማዬ ኑ፣ ይዩልን” ተብዬ ተጠራሁ። ለምን እንደተጠራሁ አውቃለሁ። ባሌ ጉንደ ወይን ላይ የተከለውን ባሕር ዛፍ ሸጬ ብሩን ማርቆስ ባንክ አስገብቻለሁ። አውራ ጣቴ ካልነካው አይወጣም።

“ካቢኔቱ ሁለት መቶ አራት ሺህ” ይላል አስማማው። “ከነግራናይቱ።”

“ያለው መቶ ሰማንያ ነው። ከየት እንቀንስ?” ትላለች ሂዊ።

“ግራናይቱን እንተወውና ላዩ እንጨት ይሁን።”

“ግራናይቱማ አይነካም! ለፍቅርአዲስ ነግሬያታለሁ እኮ!”

ፍቅርአዲስ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ናት። ባለፈው ወር ግራናይት አስገብታ ሰፈሩን ሁሉ እንደ ታቦት ማደሪያ አስጎብኝታዋለች።

“አስማማው፣” እላለሁ ከበሩ፣ “ለመሆኑ ይህ ካቢኔት የምትሉት ነገር ከፍታው በምን ይለካል?”

“በምትሠራበት ሴት ክርን ነው፣ እማማ። ከክርን አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል፣ ወገብ እንዳይጎዳ። ለሂዊ ሰማንያ አምስት ይዣለሁ።”

“ቢያጥርስ?”

እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያወርዳል። “ቢያጥርማ ከአንዱ ኤም ዲ ኤፍ ጣውላ ስድስት ቁራጭ ይወጣ የነበረው ስምንት ይወጣል። ከአሥራ ሁለቱ ጣውላ ሦስቱ ይተርፋሉ።”

“አንዱን ስምንት ሺህ ነው ያልከው። ሃያ አራት ሺህ። መቶ ሰማንያው ደረሰ።”

ሂዊ ገና በስልኳ እየደመረች ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አርባ ዓመት ገበያ ላይ ጤፍ ስሸጥ ግን አንድም ሰው አታሎኝ አያውቅም።

ተነሥቼ ደፉን አልፋለሁ። “በል፣ እኔን ለካኝ።”

ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ክርኔን አጥፋለሁ። አስማማው ሜትሩን ከእግሬ ሥር ያስነሣል፣ ከክርኔ ስንዝር ያወርድና በእርሳስ ያሰምራል።

“ሰባ ሦስት።”

“ተሳስተሃል። ድገመው።”

ይደግመዋል። ሰባ ሦስት።

ዞር ብዬ መስመሩን አየዋለሁ። የሕፃን ልክ ነው። ባሌ ወልደ ሚካኤል ነፍሱን ይማረውና የጉንደ ወይኑን ቤት ሲሠራ ለእኔ ሲል በሩን አንድ ክንድ ከፍ አድርጎት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ “የግመል በር” እያለ ይስቅብን ነበር። ያች ረጅም ሴት መቼ እንደሄደች አላየኋትም።

ወደ አናጢው እዞራለሁ። “በዚሁ ሥራው።”

“እማዬ!” ሂዊ ቁመቷ መቃ ነው። “ለእኔ እኮ ጉልበቴ ላይ ነው የሚደርሰው!”

“አታጋኝ። ጭንሽ ላይ ነው።”

አስማማው ሊያስታርቀን ይሞክራል። “እግሩን በብረት ላስረዝመው እችላለሁ፣ ወጪውም ብዙ...”

“ይኼን አየኸው?” አውራ ጣቴን አነሣለታለሁ። “ባንኩ የሚያውቀው እሱን ነው። በእኔ ክርን ልክ ከሆነ ዛሬውኑ ሄጄ እፈርማለሁ። እኔም እገባና እሠራበታለሁ። ካልሆነ እሷ በራሷ ብር በራሷ ልክ ታሠራ።”

ሂዊ ወደ አናጢው ጠጋ ብላ ታንሾካሹካለች። “ወደፊት... ከፍ ማድረግ ይቻላል አይደል?”

ጆሮዬ እንደ ቁመቴ አላጠረም። ወደፊት የምትለው ከአርባዬ በኋላ ነው።

“ግራናይቱ ከተለጠፈ ወዲያ?” አስማማው ራሱን ይነቀንቃል። “ሲነሣ ይሰነጠቃል። እንዳለ ነው የሚኖረው።”

ድንጋይ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

“ምረጪ” እላታለሁ ወደ በርጩማዬ እየተመለስኩ።

በመስኮቱ የፍቅርአዲስን ቤት ታያለች። ከንፈሯን ትነክሳለች።

“ግራናይቱ ይግባ።”

“እንግዲያው ልኩ ላይ ቁሚና ሞክሪው” ይላታል አስማማው። “ኋላ እኔን እንዳትወቅሺ።”

ልጄ ካገባት አራት ዓመቱ ነው። በአራት ዓመት አንድ ቀን ብድግ ብላ፣ ጎንበስ ብላ ሰላም ብላኝ አታውቅም። ሶፋው ላይ እንደተንሰራፋች የጣቷን ጫፍ ነው የምትዘረጋልኝ።

አሁን መጥታ አጠገቤ መስመሩ ጋ ትቆማለች። ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው ሁለት እጆቿን ወደ እርሳሱ ጭረት ታወርዳለች። አይደርስላትም። ትንሽ ትጨምራለች። ወገቧ ይታጠፋል፣ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ሹሩባዋ ተንሸራቶ ፊቷ ላይ ይመጣል።

እኔ በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ የጣቴን ጫፍ እዘረጋላታለሁ።

“እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?”